በስንዴ አገር የሚራብ ሕፃን፦ የባሌ ደጋ ወጣቶችና የአነስተኛ ድጋፍ ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቅጂ)



ስለ ሕፃናት ረኀብ በሮቤ ከተማ ንግግር ሲደረግ የሚገርመው ሰው አይጠፋም። ረኀብ ሲባል አእምሯችን የሚሄደው ወደ ወሎ፣ ወደ ትግራይ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ወደ ቦረና ነው። የሲናናን ሜዳ በአዝመራ ወቅት ያየ ሰው፣ ኮምባይነሮች እየተከታተሉ ስንዴውን ሲያጭዱ፣ የጭነት መኪኖችም ኩንታሉን ወደ መሀል አገር ሲያግዙ የተመለከተ ሰው፣ በዚህ ምድር ላይ ሕፃን በምግብ ጉድለት ቁመቱ ይቀራል ቢባል ለማመን ይቸገራል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። ዛሬ የምከሰው ግን የጠገበውን ሰው አይደለም፤ የምመረምረው የአቆጣጠር ልማዳችንን ነው። ረኀብን በምን እንደምንቆጥር፣ ርዳታን በምን መስፈሪያ እንደምንሰፍር፣ በዚህም መካከል ለወጣቶች የሚሰጥ አነስተኛ ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከታሪክ አንጻር ማየት እፈልጋለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በአገራችን የርዳታ ታሪክ ረኀብ የሚታወቀው በአካባቢ ስም ነው። ወረዳው «ተጎጂ» ይባላል፣ እህል ይላክለታል፤ ወይም «ትርፍ አምራች» ይባላል፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይላክለታል። በትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ የሚኖር የተራበ ሕፃን በሁለቱም መዝገብ ላይ የለም። እሱን ሊያየው የሚችለው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። አነስተኛ ድጋፍ የሚባለው ነገር የሚለካው እንግዲህ ይህን በቅርብ የሚያይ ሰው አቅም ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም በሚለው ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች የቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ። በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ወደ 38 ወረደ። በ2019 ደግሞ 37 ላይ ቆመ። በ2016ቱ ጥናት ኦሮሚያ ከአገሩ አማካይ ብዙም አይርቅም፤ ከመቶ 37 ገደማ ነው። አገሪቱን በስንዴ የሚመግቡት አርሲና ባሌ ያሉበት ክልል መሆኑን ልብ በሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ።

ሰባት ከመቶ በድርቅ አይገለጽም። በባሌ ደጋ ደግሞ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን የምርት ወቅት ገበሬው «ገና» ይለዋል (ነን አጥብቃችሁ አንብቡት፤ የልደት በዓል አይደለም)፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ያለውን «ቦና»። ሁለት ጊዜ የሚያርስ፣ ሁለት ጊዜ የሚያጭድ አገር ነው። ይሁንና የሚታጨደው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ስንዴ፣ ከዚያም ገብስ። የስንዴው ማሳ በሰፋ ቁጥር የግጦሽ መሬቱ ጠበበ፤ ግጦሹ ሲጠብ ወተቱ ቀነሰ። ስንዴው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ በገንዘቡ ማዳበሪያና የኮምባይነር ኪራይ ይከፈላል፣ ለልብስና ለትምህርት ቤት ይውላል። ለሕፃኑ የሚቀርለት ሆዱን የሚሞላ፣ አካሉን ግን የማይገነባ ገንፎና ቂጣ ነው። በቅቤ የታሸ ጩኮ የባሌ ኩራት ነው፤ ግን ቅቤ ያለበት ቤት ይፈልጋል። ጾም በሚጾምባቸው የጎባና የአካባቢው ቤቶች ደግሞ ሕፃናት ከጾም ነጻ መሆናቸው ቢታወቅም፣ እናት የጾም ዕቃዋን በወተትና በዕንቁላል እንዳታስነካ ስትል ለሕፃኑ ለብቻው የማታበስልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር የሰደደ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸውን ወረዳዎች እየለየ ነበር የሚገባው። በባሌ በኩል የታቀፉት በዋናነት የቆላው ወረዳዎች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የመጣው የግብርና ዕድገት ፕሮግራም ደግሞ ከፍተኛ የማምረት አቅም አላቸው የተባሉትን ወረዳዎች መረጠ። አንዱ ፕሮግራም የተራበውን ይፈልጋል፣ ሌላው የሚያመርተውን፤ ሁለቱም ወረዳን እንጂ ቤትን አይለዩም። በ2007 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ሲነሣ፣ የመጀመሪያ ምዕራፉን የጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ ወረዳዎች ነበር። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ከዚያ መጀመሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የሲናናው ሕፃን ተራው እስኪደርስ ሁለት ዓመቱ ያልፋል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የተቀነሰው ቁመት በአብዛኛው አይመለስም።

ታሪክ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነንና ወደ ኋላ እንሂድ።

አነስተኛ ድጋፍ በባሌ ምድር በውጭ ድርጅት የተጀመረ ነገር አይደለም። የኦሮሞ ማኅበረሰብ ቡሳ ጎኖፋ የሚለው ሥርዓት፣ በተለይ በአርብቶ አደሩ ዘንድ፣ ከብቱ ያለቀበትን ሰው የጎሣው ሸንጎ ተቀምጦ ጉዳቱን መርምሮ እንደገና ከብት የሚያዋጣበት ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚሰጠው ነገር ብድር አይደለም፤ ወለድም የመመለሻ ቀንም የለውም። ሁለተኛ፣ ውሳኔው የሚሰጠው ተጎጂውን በስሙ በሚያውቁ ሰዎች ነው። በእስልምናው በኩል ዘካና ሰደቃ አሉ፤ ከሩቅ አገር እየመጣ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሰበሰበው ምእመን ሲመገብ የኖረው በዚሁ መንፈስ ነው። በጎባና በአካባቢው አድባራት ደግሞ የቆሎ ተማሪ ደጅ ለደጅ እየዞረ የሚለምነው ቁራሽ ነበረ፤ ይህም ቢሆን፣ ስሙን በዘመናዊ ቋንቋ ካልን፣ ለወጣት የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ፍጹም ነበሩ እያልሁ አይደለም። ቡሳ ጎኖፋ የጎሣ አባል ላልሆነ ሰው ጠባብ ነበር፤ ሴቶችም በሸንጎው ላይ ድምፃቸው አነስተኛ ነበር። ግን ከወረዳ ስም ይልቅ የሰው ስም ያውቁ ነበር።

ዘመናዊው መንግሥት ወደ ባሌ የገባው በቀላድና በግብር መልክ ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውን፣ ስሙ ከዋቆ ጉቱ ጋር የሚነሣውን የባሌን ዐመፅ መንሥኤ ስትመረምሩ መሬትና ግብር በየገጹ ይመጡባችኋል። በዚያው ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ለማሠራት ተነሣ። በ1959 ዓ.ም. ታገደ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብም ማንኛውንም ማኅበር በጸጥታ ዓይን የሚያይ ነበር። ለምን ይህን አነሣሁ? በኢትዮጵያ ውስጥ ሰዎች ትንሽ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ችግር መፍታት ሲጀምሩ፣ ከምግቡ በፊት የሚጠየቀው «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚለው መሆኑ የቆየ ታሪክ ስላለው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሌላ በኩል የሕፃናት አመጋገብ ሳይንስ በአገራችን ቀደም ብሎ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በ1968 ወደ ኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። የዚህ ሥራ ታዋቂ ፍሬ ፋፋ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎበት፣ ቫይታሚን ተጨምሮበት የተዘጋጀ የሕፃናት ዱቄት ነው። ስሙ ራሱ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ «ልጄ ፋፋ» የምትል እናት የሥነ ምግብ ትምህርት አያስፈልጋትም ነበር። ነገር ግን ፋፋ በዋጋ የሚሸጥ፣ በፋብሪካ የሚመረት ነገር ነበርና ከከተማ ሱቅና ከጤና ጣቢያ አልፎ ወደ ገጠሩ ቤት በሚገባው መጠን አልዘለቀም። ስንዴውም ሽምብራውም በገበሬው እጅ ነበረ፤ ያጣው የቅልቅሉን ዕውቀትና የሚፈጭበትን ጊዜ ነበር። ይህ ክፍተት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የአገራችን ወጣት ሊገባበት የሚገባና እስከ ዛሬ በቅጡ ያልገባበት ክፍተት ነው።

ወጣቱስ የት ነበር? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ በአስተማሪነት ተመደቡ። ይህ አገልግሎት ተማሪውን ከገጠሩ ድህነት ጋር ፊት ለፊት አገናኘው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ሲሸፋፈን፣ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳይተው ረኀቡን ለአዲስ አበባ ሕዝብ ገለጡት፤ ለተጎጂዎችም ገንዘብ አሰባሰቡ። በእኔ ግምት በኢትዮጵያ ታሪክ ወጣቶች ረኀብን በመቃወም ካደረጉት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ያደረጉትም ማየትና ማሳየት ነበር፤ የተመደበላቸው በጀት አልነበረም።

ከዚያ ዘመቻው መጣ። በ1967 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን፣ ባሌን ጨምሮ፣ በየክፍለ ሀገሩ ተሰማሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬዎችን በማኅበር የማደራጀቱ ሥራ በእነሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዘማቹ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ስለ ንጽሕና ይናገራል። ነገር ግን ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ከላይ ነበር። አንድ የዘማቾች ጣቢያ በመንደሩ ያሉ ሕፃናት ወተት እንዳጡ ቢያይ፣ ሁለት ላም የሚገዛበት ገንዘብም፣ ገንዘቡን የመጠየቅ መብትም አልነበረውም። ጉልበት ነበረ፣ ቅንነት ነበረ፤ ሥልጣን አልነበረም። ብዙዎቹ ከአካባቢ ሹማምንትና በኋላም ከራሱ ከደርግ ጋር ተጋጭተው ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ዘመቻውን በአድናቆት ብቻ ወይም በምሬት ብቻ የሚያነሡ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ የጣቢያዎቹን የዕለት ወጪ የመረመረ ጽሑፍ ብታገኙ ግን ከሁሉም በላይ ትማሩበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ከሶማሊያ ጦርነት ማግስት ባሌ የመንደር ምሥረታ በሰፊው ከተካሄደባቸው የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ሀገሮች አንዱ ሆነ። የመንግሥት እርሻዎችም በሰፋፊው የስንዴ ሜዳ ላይ ተስፋፉ። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል በ1978 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከስንዴና ከገብስ ጋር በባቄላና በአተር ላይም ይሠራል። ይህን በቅንፍ አስቀምጡልኝ፤ ከሮቤ አቅራቢያ የጥራጥሬ ዘር ተመራማሪ አለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ፈጥኜ ላልፈው ነው፤ አንድ ጉዳይ ላይ ብቻ እቆማለሁ፤ እሱም ብድር ነው። መንግሥት ወጣቱን ለማገዝ የመረጠው መንገድ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ማደራጀትና ማበደር ነበር። ይህ መንገድ ጫፍ ላይ የደረሰው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 በ10 ቢሊዮን ብር የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቋመ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 የሆኑ ሥራ አጦች በቡድን ተደራጅተው እንዲበደሩ ተደረገ። ለኮብልስቶን፣ ለከብት ማድለብ፣ ለብሎኬት ምርት ይህ ይሠራል። የሕፃን ረኀብ ግን ትርፍ የለውም። የአሥር ወር ሕፃን ዕንቁላል ስለ በላ ለማንም ወለድ አይከፍልም። ስለዚህ በብድር የተደራጀ ወጣት ዶሮ ቢያረባ ዕንቁላሉን የሚሸጠው ለሆቴል ነው፤ ቢሸጥም አይወቀስም፤ ዕዳውን መክፈል አለበት። በአገሪቱ ትልቁ የወጣቶች ገንዘብ ይህን ሥራ ሊሠራ ያልቻለው ስለ ከፋ ሳይሆን ስለ ተመላሽነቱ ነው። ቡሳ ጎኖፋ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር።

ስጦታ የሚሰጡትስ? በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና በአገራችንም የሚሠራው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ለማኅበረሰብ ማኅበራት በቀጥታ ይሰጣል፣ ለአንድ ሥራ የሚሰጠውም ለብዙ ዓመታት ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር አይበልጥም ነበር። ኤምባሲዎችም የራስ አገዝ ሥራዎችን የሚደግፉበት አነስተኛ ገንዘብ አላቸው። በዚሁ በባሌ፣ መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት «ሰኚ» በሚለው ፕሮግራሙ ተማሪዎችን ወደ ተፈጥሮና ወደ አገር ሽማግሌዎች እያወጣ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ስሙ በኦሮምኛ ዘር የሚለውን ቃል ያስታውሳል። የፋሲሊቲውና የመልካ ትኩረት ግን አካባቢ ጥበቃ ነው። ስለ ሕፃን ምግብ ማመልከት የፈለገ የወጣቶች ቡድን ማመልከቻውን በችግኝ ስም መጻፍ ይኖርበታል። ብዙ ቡድኖችም ይህን ጥበብ ተክነውበታል።

ሕጉም ነበረ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 እና በተከተሉት መመሪያዎች መሠረት ከወጪ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር እንዲውል ተደነገገ። ሐሳቡ ሲሰማ ደግ ነው። በአፈጻጸሙ ግን ሥልጠናና ትራንስፖርት በአስተዳደር ወጪ ተቆጠሩ። እናቶችን ገንፎ በባቄላ ዱቄት እንዲያበለጽጉ የሚያስተምር ቡድን፣ ሥራው በሙሉ ሥልጠናና ትራንስፖርት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሥራ የሌለው፣ አስተዳደር ብቻ ያለው ድርጅት ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ትርጓሜ አስተካከለ። ይሁንና አዋጁ በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው የሚመለከተው። በሮቤ ብቻ የሚሠሩ አምስት ጓደኛሞች ጉዳያቸው ከክልሉ ጋር ነው። «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለስልሳ ዓመት ያህል መልኩን እየለወጠ ኖሯል።

እስቲ አሁን አንድ ስሌት በጋራ እንሥራ። የጎባ ከተማ አምስት ወጣቶች 30 የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚገዙበት ድጋፍ አገኙ እንበል። ከመቶ ሰባው በየቀኑ ቢጥሉ በቀን 21፣ በሳምንት 147 ዕንቁላል ይሆናል። ለአንድ ሕፃን በሳምንት ሁለት ብንሰጥ ለ73 ሕፃናት ይዳረሳል። አንድ ዶሮ በቀን ወደ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ ለ30ው በዓመት 13 ኩንታል ገደማ ነው። ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ ይገኛል፤ ቫይታሚኑና ክትባቱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በብር የተፈረመ ድጋፍ ዶሮው ሳይገዛ ግማሹን ያጣል ማለት ነው። ፈንግል ከገባ ደግሞ 30ው ዶሮ በሳምንት ያልቃል። ስለዚህ በጀቱ ውስጥ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ክትባቱ ነው፤ በተግባር ግን ሰጪዎች ደስ የሚላቸው ቤቱንና ዶሮውን መግዛት ነው፤ ፎቶግራፍ ይነሣላቸዋል።

ዕንቁላሉ መቀንጨርን ይቀንሳል ወይ? ሳይንሱ ራሱ አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢኳዶር ጥናት በቀን አንድ ዕንቁላል ለስድስት ወር የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ እንደ ቀነሰ አሳየ። በማላዊ የተደገመው ተመሳሳይ ሙከራ ግን በቁመት ላይ ይህን ውጤት አላገኘም። እንግዲህ ለ73 ሕፃናት ዕንቁላል ያደረሰ ቡድን «መቀንጨርን ቀንሰናል» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ሐሰት ጻፈ፤ «73 ሕፃናት በሳምንት ሁለት ጊዜ ዕንቁላል በሉ» ብሎ ቢጽፍ እውነት ጻፈ። የሪፖርቱ ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው።

ስለ ቅጽ ካነሣሁ አይቀር፤ ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወጣቱ የሚያስበው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። ሒሳብ ሲወራረድ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ባቄላ በሸማ ቋጥራ ገበያ የወጣች ሴት ደረሰኝ የላትም። ስለዚህ ቡድኑ ከእርሷ መግዛቱን ትቶ ደረሰኝ ካለው ነጋዴ በውድ ይገዛል። ገንዘቡም የሚለቀቀው በሰጪው የበጀት ዓመት ነው። በሐምሌ የደረሰ ገንዘብ ለ«ገና» ዘር አይውልም፤ «ቦና»ን ለመጠበቅ የወራት እንቅልፍ ይተኛል፤ አትክልት ቢዘራበትም የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። እነዚህ ነገሮች ተራ ይመስላሉ። ግን የአነስተኛ ድጋፍ ታሪክ በአብዛኛው የእንደዚህ ያሉ ነገሮች ታሪክ ነው።

የተሳካ ምሳሌ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አንድ አለ፤ ከአዲስ አበባ። ተማሪዎች ሳይበሉ መጥተው ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፈው መውደቃቸው ሲሰማ፣ በ2007 ዓ.ም. ገደማ የእናት ወግ የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር በመዋጮ ምገባ ጀመረ። ከ2011 ዓ.ም. በኋላ የከተማው አስተዳደር ሥራውን በራሱ በጀት ያዘው፤ ምግቡንም በአብዛኛው እናቶች ተደራጅተው የሚያበስሉት ሆነ። ትንሹ ገንዘብ ያደረገው ችግሩን መፍታት ሳይሆን እንደሚፈታ ማሳየት ነበር፤ ከዚያ ትልቁ በጀት ተከተለ። ይህ መንገድ ለሮቤም ክፍት ነው። በኦሮሚያ ቡሳ ጎኖፋ በተቋም መልክ እንደገና መደራጀቱ ደግሞ ተከታይ ሊሆን የሚችል የአገር ውስጥ ገንዘብ እንዳለ ያሳያል። ይህ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ ይቸኩላል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ርዳታ በድንገት ሲቆም ትልልቆቹ ፕሮግራሞች በሌላ አገር ውሳኔ በአንድ ቀን ሊቆሙ እንደሚችሉ አይተናል።

ነገር ግን የአዲስ አበባው ምሳሌ አንድ ወጥመድ አለው። ትምህርት ቤት ለወጣት ቡድን የሚመች ቦታ ነው፤ ሕፃናቱ ተሰብስበው ይገኛሉ፣ ርእሰ መምህሩ ማኅተም አለው። ተማሪን መመገብ መልካም ነው፤ መቀንጨር ግን ሕፃኑ ትምህርት ቤት ከመግባቱ ከአምስት ዓመት በፊት ቤት ውስጥ ተከናውኗል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው? በ2016ቱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት የሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ በ17 ዓመታቸው ገደማ አግብተው ነበር። የብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲያችን ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ይላል። እንግዲህ የ19 ዓመቷ እናት በሕግ ወጣት ናት። «በወጣቶች የሚመራ ፕሮጀክት» ስንል ግን የሚታየን ዲግሪ የያዘ፣ ላፕቶፕ የተሸከመ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ የሆነ ሰው ነው። እርሷን ተረጂ አድርገን እንመዘግባታለን፤ አመልካች አድርገን ያየናት ጊዜ ስንት ነው? ሽሮዋን በምን እንደምታበለጽግ፣ የትኛው ጎረቤት ቤት ሕፃን እንደ ከሳ፣ የትኛው ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ሰው እንደሚቀንስ የምታውቀው እርሷ ናት። የክንድ መለኪያዋን ጥብጣብ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብላ፣ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ያነበበችውን ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ልትልክ ትችላለች። ከሲናናው ማዕከል የሚወጣ የባቄላ ዘር ጓሮዋ ድረስ ለመምጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ዐውደ ጥናት ሻይ ቡና አይበልጥም።

በመጨረሻ የታሪክ ተማሪዎች ለሆናችሁ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በሮቤና በጎባ፣ በመካከላቸው ባለው ከ15 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በትምህርት ቤት ክበባት፣ በወጣት ማዕከላት፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ማኅበራት የተሠሩ ትንንሽ ሥራዎች አሉ። የገቢና ወጪ ደብተራቸው በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ስንት ዶሮ እንደ ሞተ፣ ዕንቁላሉ ለማን እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳዋጣና ማን እንደ ከለከለ የተጻፈው እዚያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያላገኛችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ደብተሩን ፎቶግራፍ አንሡት፣ ጸሐፊዋን ጠይቋት። ቡድን ሲፈርስ ወረቀቱ በኪሎ ተመዝኖ ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጣል፤ ባለፈው ዓመት የተሸጠው ዛሬ ስኳር ተቋጥሮበታል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።